የቪዲዮ ካሴት አልጫወት ሲል፦ ከሻጋታው እስከ ሄዱ

በጅማ ብዙ ቤት ውስጥ ቡፌ ሥር ወይም አልጋ ሥር በተገፋ ሻንጣ ውስጥ ጥቁር የቪዲዮ ካሴት ይገኛል። የእናትና የአባት ሠርግና መልስ፣ የታላቅ እህት ኒካህ፣ የልጅ ክርስትና፣ የዩኒቨርሲቲ ምርቃት፣ ከጅዳ የተላከ የናፍቆት ካሴት። አብዛኞቹ ሌላ ቅጂ የላቸውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሕግ ላይ የቆመ ነው፦ የምትሳሱለት ካሴት ዴክ (የቪዲዮ ማጫወቻ) ውስጥ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ካሴቱ በዓይን ይታያል፣ ቀጥሎ ዴኩ በሌላ ካሴት ይፈተናል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይጫወታል። ክር የበላ ዴክ ይጠገናል፤ በተበላው ክር ላይ የነበረው ፊት ግን አይመለስም።

ጅማ ላይ ደግሞ እርጥበቱ አለ። ዝናቡ ከመጋቢት ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረምና ጥቅምት ይዘልቃል። የተቀመጠ ጫማ ነጭ የሚለብስበት፣ ሳጥን ውስጥ ያለ ልብስ የሚሸትበት ቤት ውስጥ ካሴትም ይሻግታል። ሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች ብዙ ጊዜ ሄድ (ክሩ ላይ ያለውን የሚያነብበው የዴኩ ክፍል) ከመጥረግ ይጀምራሉ፤ እዚህ ግን የሚጀመረው ሻጋታ ከመፈለግ ነው።

ካሴቱን ሳታስገቡ መርምሩት

ካሴቱን ከልባሱ አውጡና በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ ያዙት። በላዩ ባለው ፕላስቲክ መስኮት በኩል የተጠቀለለው ክር ጎን ይታያል። ጤነኛ ክር ጎኑ ጥቁር ወይም ጥቁር ቡኒ፣ እኩልና ልሙጥ ነው። የስልክ መብራት ከጎን በኩል አብሩበት። ዱቄት የመሰለ ነጭ ወይም ግራጫ ነገር፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ክር፣ ክብ ክብ ነጠብጣብ ካያችሁ ሻጋታ ነው። መስኮቱ ላይ ያለ አቧራ በጨርቅ ሲጠረግ ይሄዳል፤ ሻጋታ ከውስጥ ስለሆነ አይሄድም።

የሻገተ ካሴት "ለአንድ ደቂቃ ብቻ ልየው" ተብሎ አይገባም። ዱቄቱ ሄዱ ላይ ይለጠፍና ምስሉ ወዲያው ይጠፋል፤ ዴኩ ውስጥ የቀረው ደግሞ ቀጥሎ ለሚገባው ጤነኛ ካሴት ይተርፋል። ከሁሉ የሚከፋው፣ ሻጋታው የክሩን ንብርብሮች እርስ በርስ አጣብቋቸው ከሆነ ሞተሩ ሲስብ ክሩ ይበጠሳል ወይም ምስሉን የያዘው ሽፋን ተልጦ ይቀራል።

ሻጋታ ካላያችሁ ካሴቱን ገልብጡት። ከሥሩ መሃል ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች፤ በእርሳስ ጫፍ ስትጫኗት የሁለቱ መንኮራኩሮች ፍሬን ይለቀቃል። ፍሬኑን እንደያዛችሁ ክሩ በሚጠቀለልበት አቅጣጫ አንዱን በጣት ሁለትና ሦስት ዙር አዙሩ። ቀለል ብሎ ከዞረ ደህና ነው። እየያዘና እየለቀቀ ከዘለለ ተጣብቋልና አታስገቡት። ቀጥሎ በጎኑ ያለችውን መክፈቻ ተጭናችሁ የፊቱን ክዳን አንሡ። ክሩን በጣት ሳትነኩ የተጨማደደ ወይም ጠርዙ የታጠፈ ቦታ እንዳለ እዩ። የላይኛው ጠርዝ ድምፅ የሚጻፍበት ነው፤ የታችኛው ደግሞ ዴኩ ፍጥነቱንና ትራኪንጉን (ሄዱ የምስሉን መስመር በትክክል መከተሉን) የሚያስተካክልበትን ምልክት ይዟል። የታችኛው ጠርዝ ከተጎዳ ምስሉ እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ይዘላል።

አንድ ነገር ደግሞ አሁኑኑ አድርጉ። የካሴቱ ስም በሚለጠፍበት ጠባብ ጎን ጫፍ ላይ የምትሰበር ትንሽ ፕላስቲክ አለች። ካልተሰበረች በካቻቪቴ ስበሯት። እሷ ከሌለች ዴኩ በስሕተት እንኳ ቢነካ በላዩ ላይ አይቀርጽም። የስንት ሰው ሠርግ ላይ የእግር ኳስ ጨዋታ የተቀረጸው ይህች ነገር ሳትሰበር ቀርታ ነው።

ዴኩን በማይቆጭ ካሴት ፈትኑት

ከውጭ የመጣ ዴክ ከሆነ በጀርባው የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። ለአሜሪካ የተሠራ ዴክ 120 ቮልት ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ስለሆነ ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር ከሰካችሁት ይቃጠላል። መብራቱ ከፍና ዝቅ በሚልበት ሰፈር ስታቢላይዘር ተጠቀሙ።

ለዓመታት የተቀመጠ ዴክ ውስጥ መጀመሪያ የሚያረጀው ጎማው ነው። ማንም የማይፈልገውን አሮጌ የፊልም ካሴት አስገቡና አሥር ደቂቃ አጫውቱ፤ ፖዝ አድርጉ፣ ወደፊትና ወደኋላ አጠንጥኑ፣ አውጡ። ከዚያ ክዳኑን ከፍታችሁ ክሩን ተመልከቱ። ጠርዙ ካልተቆለመመ፣ መሃሉ ላይ ቁመቱን ተከትሎ አዲስ ጭረት ካልታየ ዴኩ አልፏል።

ክር የሚበላ ዴክ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አንድ ነው። ካፕስታን የሚባለው ቀጭን ብረትና በላዩ የሚጫነው ጥቁር ጎማ ክሩን እየሳቡ ያወጣሉ፤ የወጣውን የሚጠቀልለው መንኮራኩር ደግሞ ቆሟል ወይም ዘግይቷል። ትርፉ ክር ዴኩ ሆድ ውስጥ ይከማቻል፤ ካሴቱ ሲወጣ ክዳኑ ይነክሰዋል። መንኮራኩሩ የሚቆመው ኃይል የሚያስተላልፍለት ትንሽ ጎማ ስለተወለወለ ወይም ቤልቱ ስለላላ ነው። ጎማውን ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ሳሙና በተነከረ ጨርቅ ጠርጉት፣ በንጹሕ ውሃ ድገሙት፣ በደንብ ይድረቅ። ይህ ለጊዜው ያሠራል። ዘላቂው መፍትሔ ግን መቀየር ነው። አዲስ ጎማ በቀላሉ ስለማይገኝ ተመሳሳይ ሞዴል የሆነ የተበላሸ ዴክ ገዝቶ ከሱ መፍታት ያዋጣል። ስለዚህ "አይሠራም" የተባለ ዴክ ጎረቤት ሲጥል ካያችሁ ውሰዱት።

ሄድ አጠራረግ

ሳሎን ውስጥ ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ቤት፣ ዴኩ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ ያንን ጭስ ሁሉ ዓመት ሙሉ ይስባል። ቅባትነት ያለው ስስ ቡኒ ነገር ሄዱ ላይ ይጋገራል። አንዱ የምስል መስመር ክሩ ላይ የሚይዘው ስፋት 0.049 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ከፀጉር ይቀጥናል። በዚህ መጠን ላይ ለዓይን የማይታይ ቅባት እንኳ ምስሉን ያጠፋዋል።

የምትፈልጉት 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ለስላሳ የማይበጣጠስ ቆዳ (እሱ ከሌለ ንጹሕ ነጭ የፎቶኮፒ ወረቀት)፣ ባለ መስቀል ካቻቪቴና መብራት ነው። ለቁስል የሚሸጠው ባለ 70 በመቶ አልኮል ውሃው ብዙ ስለሆነ ቶሎ አይደርቅም፤ ለዚህ ሥራ አይሆንም። ጥጥ ደግሞ በጭራሽ አትጠቀሙ፤ ክሮቹ ሄዱ ጫፍ ላይ ተጠልፈው ሊሰብሩት ይችላሉ።

ዴኩን ከሶኬት ንቀሉ። የላይ ክዳኑን ብሎኖች ፈትታችሁ አንሡት። የመብራት ገመዱ የሚገባበት ጥግ ላይ ያለው ክፍል ከተነቀለም በኋላ ኃይል ይዞ ስለሚቆይ እጃችሁ አይድረስበት። መሃል ላይ ዘንበል ብሎ የተቀመጠ፣ ወደ 6 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው የሚያብረቀርቅ ሲሊንደር ታያላችሁ። በግማሹ ቁመት ላይ ዙሪያውን የሚሄድ ስንጥቅ አለ፤ ከስንጥቁ አፍ ላይ በትናንሽ መስኮቶች ብቅ ያሉት ሁለት፣ አራት ወይም ስድስት ነጥቦች ሄዶቹ ናቸው። ከተሰነጠቁ በቀላሉ የሚተካቸው የለም።

ቆዳውን ወይም አራት የተጣጠፈውን ወረቀት በአልኮል አርጥቡ፤ የሚንጠባጠብ አይሁን። በአንድ እጅ ሲሊንደሩ ጎን ላይ ሳትገፉ አስደግፉና ያዙት፤ እንዳይነቃነቅ። በሌላው እጅ የሲሊንደሩን አናት ጫፍ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ አምስትና ስድስት ዙር አዙሩት። የሚዞረው ሲሊንደሩ ነው፤ ቆዳው ወይም ወረቀቱ ባለበት ይቆማል። ወደላይና ወደታች ማሸት ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ሄዱ የሚሰበረው በዚህ ነው። ወረቀቱን ስታነሡት ጥቁር ወይም ቡኒ መስመር ካለው ቦታ ቀይራችሁ ድገሙ፤ ንጹሕ እስኪወጣ ድረስ።

በዚያው እጃችሁ ቋሚውን የድምፅ ሄድና ካፕስታኑን በአልኮል ጥረጉ። ጥቁሩን ጎማ ግን በሳሙናና ውሃ እንጂ በአልኮል አትንኩት፤ ያደርቀዋል። ሩብ ሰዓት ይድረቅ። እርጥብ ሲሊንደር ክሩን ይይዝና ይጠቀልለዋል።

ክዳኑ ሳይዘጋ ካሴት አስገብታችሁ ስትሞክሩ ዴኩ ወዲያው ቢተፋው አትደንግጡ። የክሩን ጫፍ የሚያውቀው በብርሃን ነው፤ የመስኮት ፀሐይ ካረፈበት ክሩ ያለቀ ይመስለዋል። ክዳኑን መልሳችሁ ሞክሩ። ይህ ብልሽት አይደለም።

ምልክቱ ምን ይላል?

ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ምስሉ በነጭ ነጠብጣብ ከተሞላ ሄዱ ቆሽሿል። ድምፁን የሚያነብበው ሌላ፣ የማይዞር ሄድ ስለሆነ ነው ሁለቱ የሚለያዩት። ሃይ-ፋይ (ጥራት ያለው ስቴሪዮ ድምፅ ያለው) በሆነ ዴክ ላይ ግን አንዱ ድምፅ ከሚዞረው ሄድ ይመጣል፤ ድምፁ የሚንኮሻኮሽ ከሆነ በሪሞቱ ወደ መደበኛው ድምፅ ቀይሩት፤ ብዙ ጊዜ ይጠራል።

ምስሉ ላይ አግድም የሚሄድ የተረበሸ ቀበቶ ካለ ትራኪንግ ነው። ትራኪንጉን በአንድ አቅጣጫ እስከ መጨረሻው፣ ከዚያ በሌላው ቀስ ብላችሁ ውሰዱት። ከታች ወይም ከላይ ተጣብቆ አልንቀሳቀስ ካለ የክሩ መሄጃ ዘንጎች ተዛንፈዋል፤ ዘንጎቹን በግምት ከማዞር ይልቅ ሌላ ዴክ ላይ መሞከር ይሻላል። አንዱ ዴክ ላይ የተበላሸ የሚመስል የሠርግ ካሴት ሌላው ላይ ጥርት ብሎ ሲጫወት ማየት የተለመደ ነው።

የምስሉ አናት ወደ ጎን እንደ ባንዲራ የሚውለበለብ ከሆነ ክሩ ጥቂት ተለጥጧል ማለት ነው። አሮጌው ወፍራም ቴሌቪዥን ይህን ይታገሠዋል፣ ጠፍጣፋው ግን አይታገሠውም። ሁለቱም ካላችሁ ለመፈተኛ አሮጌውን ተጠቀሙ።

ጥቂት ሰከንድ ተጫውቶ ራሱን የሚያጠፋ ዴክ ከላይ የተናገርነው የመጠቅለያ ጎማ ችግር አለበት። አልቀበልም ብሎ የሚቆም ካለ ደግሞ እርጥበት ተሰምቶት ይሆናል፤ ቀዝቃዛ ክፍል የነበረ ዴክ የቡና ጀበና ወደሚፈላበት ክፍል ሲገባ ሲሊንደሩ ጤዛ ይይዛል። ካሴት ሳታስገቡ ሁለት ሰዓት ያህል አብርታችሁ ተዉት።

ምስሉ ነጭና ጥቁር ብቻ ሆኖ፣ ሌላው ሁሉ ደህና ከሆነ ችግሩ ብልሽት ላይሆን ይችላል። በእኛ አገር የተቀረጹት ፓል በሚባለው አሠራር ነው፤ 625 መስመር፣ በሰከንድ 25 ምስል። ሳዑዲ በዚያ ዘመን ሴካም የሚባል ሌላ አሠራር ትጠቀም ስለነበር ከጅዳና ከሪያድ የመጡ አንዳንድ ካሴቶች ሜሴካም በሚባለው ዓይነት ተቀርጸዋል፤ ፓል ብቻ በሚያውቅ ዴክ ላይ ቀለም አይኖራቸውም። በዱባይ በኩል የገቡ ብዙ ዴኮች ፓል፣ ሜሴካም፣ ኤንቲኤስሲ የሚል መቀየሪያ ስላላቸው እሱን ፈልጉ። ከአሜሪካ የመጣ ካሴት ኤንቲኤስሲ ነው፤ የማያውቀው ዴክ ላይ ምስሉ ይንከባለላል፣ ድምፁም ፍጥነቱ ይዛባል።

አነስተኛዋን ካሴት በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ፦ ቪኤችኤስ-ሲ የምትባለው ትልቁን ካሴት በሚመስል አዳፕተር ውስጥ ገብታ ትጫወታለች። ክሯ 8 ሚሊሜትር የሆነችው ወይም ሚኒ ዲቪ ግን አዳፕተር የላትም፤ የራሷ ካሜራ ወይም የራሷ ዴክ ካልተገኘ አትነበብም። አዳፕተር አለኝ የሚል ሰው ቢመጣ አትክፈሉ።

ሻጋታውን ማጽዳት

ይህን ሥራ በበጋ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ፣ ከቤት ውጭ በጥላ ሥር ሥሩት። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና ጓንት አድርጉ፤ የሚነሣው ዱቄት ለሳንባ ጥሩ አይደለም፣ በተለይ አስም ላለበት። ፀሐይ ላይ ማስጣት ግን ክሩን ያጣምመዋል።

መጀመሪያ ይድረቅ። እርጥብ ሻጋታ ሲጠረግ ይቀባባል፤ የደረቀው ይረግፋል። ካሴቱን በጫማና በቦርሳ ካርቶን ውስጥ ከሚመጡት ሲሊካ ጀል ከረጢቶች አሥር ያህል ጋር ክዳን ባለው ደረቅ ዕቃ ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት።

ከዚያ አምስቱን ብሎኖች ከሥሩ ፍቱ። በጎኑ የተለጠፈውን ወረቀት በምላጭ ከመገናኛው ላይ ቁረጡት፣ አለዚያ ይቀደዳል። ገልብጣችሁ የላይኛውን ግማሽ ቀስ ብላችሁ አንሡና ምንም ሳትነኩ በስልክ ፎቶ አንሡት፤ የፍሬኑ ትናንሽ ስፕሪንጎች ሲዘሉ ቦታቸውን የምታውቁት በዚያ ፎቶ ነው። ሁለቱን መንኮራኩሮች አውጡና የክሩን ጎን በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አራግፉ። አሮጌውን ፕላስቲክ ተዉትና ከማይፈለግ ንጹሕ ካሴት ላይ ባዶውን ሳጥን ወስዳችሁ ክሩን በዚያ ውስጥ፣ በፎቶው መሠረት በዘንጎቹ በኩል አሳልፉት።

ቀጥሎ ያለው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ ነው። አንዱ ክዳኑን ከፍቶ፣ ፍሬኑን በእርሳስ ለቆ መንኮራኩሩን በእጁ ቀስ እያለ ያዞራል። ሌላው በሁለት ጣቱ መሃል በያዘው ደረቅና ቃጫ በማይረግፍ ጨርቅ ክሩን ከሁለቱም ፊቱ ያለ ግፊት ይይዛል። ጨርቁ ላይ ግራጫ መስመር ሲወጣ ቦታ ይቀየራል። የሦስት ሰዓት ካሴት ወደ 258 ሜትር ክር አለውና አንድ ከሰዓት በኋላ ይፈጃል። ክሩ ተጣብቆ አልላቀቅ ካለ ቁሙ፤ ለተጨማሪ ሁለት ሳምንት ይድረቅ። ከተጸዳ በኋላ መጀመሪያ የሚጫወተው ልትሰናበቱት በምትችሉት ዴክ ላይ ይሁን፤ ከያንዳንዱ ካሴት በኋላም ሄዱ ይጠረግ።

የተበጠሰ ክር

ፍጥነቱን ካወቃችሁ ፍርሃቱ ይቀላል። በመደበኛ ፍጥነት ፓል ካሴት በሰከንድ 2.34 ሴንቲሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ የተቀረጠፈ 10 ሴንቲሜትር ቆርጣችሁ ብትጥሉ የሚጎድለው 4 ሰከንድ ገደማ ነው። ሁለቱን ጫፎች አንዱን በአንዱ ላይ ደርባችሁ በአዲስ ምላጭ አንድ ጊዜ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ፤ ጫፍ ለጫፍ ግጠሙ፣ ክፍተትም መደራረብም አይኑር። ማጣበቂያው የሚለጠፈው ወደ ካሴቱ ውስጥ በሚያየው ፊት ላይ ነው፤ ወደ ውጭ የሚያየው ፊት ሄዱን የሚነካው ነው። ለክር የተሠራ ማጣበቂያ ይሁን፤ ተራ ፕላስተር ሙጫው ይፈሳል፣ ሄዱንም ይለብሰዋል። በመጋጠሚያው ላይ ፖዝ አታድርጉ።

ክሩ ከጫፉ፣ ግልጽ ከሆነው ፕላስቲክ ላይ ከተላቀቀ ጥቁሩን በቀጥታ መንኮራኩሩ ላይ አትሰኩት። ዴኩ ክሩ ማለቁን የሚያውቀው በዚያ ግልጽ ቦታ ብርሃን ሲያልፍ ነው። እሱ ከሌለ ሞተሩ አይቆምም፣ እንደገና ይበጥሰዋል። ግልጹን ከሌላ ካሴት ወስዳችሁ ግጠሙ።

ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ

የቀለለው መንገድ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ገመድ ያለው በዩኤስቢ የሚሰካ ካፕቸር (ምስልና ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ መሣሪያ) እና ላፕቶፕ ነው። ቢጫው ለምስል፣ ነጭና ቀዩ ለድምፅ። ፕሮግራሙ ውስጥ ፓል፣ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ምስል ምረጡ። ካሴቱን አንዴ እስከ መጨረሻ ወደፊት፣ ከዚያ ወደኋላ አጠንጥኑት፤ ለዓመታት ተጠቅልሎ የቆየው ክር ውጥረቱ ይስተካከላል። ከዚያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳታቆሙ አንድ ጊዜ አጫውቱ፤ መቁረጥና ማሳመር ኋላ ነው። በዲቪ አሠራር አንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ፋይሉን በሚያሳንሰው ኤች 264 በሚባል አሠራር፣ በሰከንድ 8 ሜጋቢት ከቀረጻችሁ ወደ 3.6 ጊጋባይት ይወርዳል።

መብራት መሃል ላይ ቢጠፋ ክሩ ሲሊንደሩ ላይ እንደተጠመጠመ ይቀራል። ካሴቱን በጉልበት አትሳቡ። መብራቱ ሲመለስ ዴኩ ራሱ ክሩን ሰብስቦ ያወጣዋል።

ፋይሉን በሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ ሆኖ ሌላው ሌላ ቤት ባለ ቤተሰብ ዘንድ ቢሆን ጥሩ ነው። በቴሌግራም ለውጭ ዘመድ ስትልኩ አንዱ ፋይል ከ2 ጊጋባይት እንዳያልፍ ከፋፍሉት።

ካሴቱን ራሱን አትጣሉት። ወደ መጀመሪያው አጠንጥናችሁ፣ በልባሱ ውስጥ፣ እንደ መጽሐፍ አቁሙት። ከስፒከር ይራቅ፤ ማግኔቱ ይጎዳዋል። ከሲሚንቶ ወለልና ከውጭ ግድግዳ፣ በተለይም ከጭቃ ግድግዳ ይነሣ፤ ቆርቆሮው ሥር ያለው መደርደሪያም ቀን ይግላል። በፕላስቲክ የምታሽጉት በበጋ፣ ደረቅ ሆኖ፣ ሲሊካ ጀል ተጨምሮበት ነው፤ በሐምሌ ካሸጋችሁት እርጥበቱንም አብራችሁ አሸጋችሁት።